ኑግም ሰባት ቤት ይቆጥራል

ጥያቄ፦ «ከምዕራብ ጎጃም ነው የምጽፈው። ኑጌ በጥቅምት ማሳውን ቢጫ አልብሶት ነበር፤ ስወቃው ግን አብዛኛው ገለባ ሆነ። መሬቱ ያው ነው፣ ዝናቡም ደህና ነበር። ዘሩ አርጅቶ ይሆን? በሬዲዮ በጂን ጥናት የሚሻሻል ኑግ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ የት ይገኛል? ዘንድሮ እንኳን ኑጉ ማሩም ቀረብን።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መሬቱን፣ ዝናቡን፣ ዘሩን ዘርዝረው ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውታል። ማሩ የቀረው ንብ ስለጠፋ ነው፤ ኑጉም ባዶ የሆነው በዚያው ይመስለኛል። ውርጭ ቢሆን ኖሮ አበባው ራሱ ይጠወልግ ነበር።

ኑግ እንደኛው ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው የሚጋባው። የራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ የአበባ ብናኝ ሲያርፍበት፣ በዘር በወረሰው መለያ አውቆ አይቀበለውም። ብናኙ ደግሞ የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ ብዙም አይወስደው። ከባዕድ ተክል የምታመጣለት ንብ ናት።

የሰሙት ጥናት እውነት ነው። ተመራማሪዎች በራሳቸው ብናኝ ፍሬ የሚይዙ ጥቂት የኑግ ተክሎች አግኝተዋል፤ ባሕርይውን የሚያመለክተው ጂን ሲታወቅ ተክሉን ገና ሳያብብ ከቅጠሉ መምረጥ ይቻላል። እርስዎ ግን ያንን አይጠብቁ። ከተሻሻሉት የኑግ ዝርያዎች ፎገራ-1ም ይዝሩ ኩዩ፣ ንብ ይፈልጋል።

ዘመናዊ ቀፎ መግዛት የለብዎትም። ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ ተሠርታ በእበት የተለሰነችው የአባቶቻችን ቀፎ ትበቃለች። ውስጧን በወይራ ያጥኑ፣ አሮጌ ሰም ካለዎት ይቀቧት፣ በነሐሴ መጨረሻም ኑጉ ዳር ካለ ዛፍ ላይ ይስቀሏት፤ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ደግሞ ይሻላል። መንጋው በመስከረም ሲወጣ ማደሪያ ፈላጊ ነው። ቦታውን ግን አስቀድመው ይምረጡ። ንብ ከገባባት በኋላ ትንሽ ራቅ አድርገው ቢያዛውሯት፣ ሠራተኞቹ ከመስክ ሲመለሱ ወደ ድሮው ዛፍ ይሄዳሉ።

ንቦቹ ወዴት ሄዱ? ይህን አልጻፉልኝም፤ እኔ ግን በየሄድኩበት የማየው አንድ ነገር አለ። አበባው ፈክቶ፣ ንቡ እየተርመሰመሰበት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። እባካችሁ ተዉ! ጥቂት ጥንዚዛ አየን ብላችሁ አዳቃያችሁን ትገድላላችሁ። ሰብሉ ሲያብብ አለመርጨት ነው የሚሻለው፤ የግድ ከሆነም ፀሐይ ጠልቃ ንቧ ከገባች በኋላ ይሁን። ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ፤ ንብ ድንበር አታውቅም።

ለዘር የሚሆነውንም ካማረ አንድ ጥግ ብቻ አይውሰዱ። ከብዙ ተክል ይልቀሙና ከሌላ መንደር ሰው ጋር ጥቂት ተለዋውጠው ቀላቅለው ይዝሩ፤ ያኔ ማሳው ውስጥ ባዕድ ይበዛል።

በሚመጣው ዓመት ሲያጭዱ ቀፎው አጠገብ ያለውንና ራቅ ያለውን ለየብቻ ይውቁት። ልዩነቱን ይጻፉልኝ።