ከሞሮኮ መልስ የተሠራችው ክፍል ቀለሟ ለምን ይላጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህታችን ማራኬሽ ሄዳ ሪያድ የሚባለው ቤት ውስጥ አረፈች፣ ያው ከውጭ ሲታይ ረጅም ድፍን ግድግዳ፣ ውስጡ ግን ግቢ፣ ግቢው መሀል ውሃ የሚንፎለፎልበት ቤት ነው፣ ልቧ እዚያው ቀረና ጎንደር ስትመለስ የወላጆቿን የድሮ የድንጋይና ጭቃ ቤት የኋላ ክፍል የራሷ ማረፊያ አደረገችው። መደብ አሠራች፣ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ጥግ ላይ በፓምፕ የሚዞር ትንሽ ፏፏቴ አስቀመጠች፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስና ሮዝ ፕላስቲክ ቀለም ቀባች። ክረምቱ ሲወጣ ቀለሙ ከታች ጀምሮ አበጠ፣ ተፈረፈረ፣ ነጭ ዱቄት አወጣ፣ ክፍሉም መሽተት ጀመረ። የጠራችው ሠራተኛ "ፏፏቴው ነው የሚያፈሰው" ብሎ ገንዳውን በሲሊኮን ሞላላት፣ ግድግዳው ላይ ውሃ አያስገባም የተባለ ሲሚንቶ ደረበበትና የዘይት ቀለም ቀባው። አሁን ጉልበት ላይ የነበረው እርጥበት ወገብ ደርሷል። መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር "ፓምፑም ይጮሃል፣ ውሃውን ስነካው ደግሞ ትንሽ ይነዝረኛል" ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ሄደሽ ስፒናውን ንቀዪ፣ ከዚያ ታነቢያለሽ። ውሃ ባለበት "ትንሽ ይነዝረኛል" የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬ የነዘረ ነገ ይይዛል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ አንዳንድ ቤት መስመሩ ተገልብጦ ስለተዘረጋ ማጥፊያው ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ ቆርጦ ፌዙን፣ ማለትም የሚነዝረውን ሽቦ፣ እንዳለ ይተወዋል፣ ስለዚህ ከሶኬቱ ይነቀል። መብራት ጠፍቷል ብለሽም እጅሽን ገንዳው ውስጥ እንዳትነክሪ፣ ሲመጣ አያማክርሽም።

ወደ ግድግዳው። እኔ ፏፏቴውን አልጠረጥረውም። እሱ ቢያፈስ ኖሮ የሚብሰው እሱ ያለበት ጥግ ነበር፣ በላክሽው ፎቶ ላይ ግን እብጠቱ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ከፍታ ላይ ነው የቆመው፣ የባሰው ደግሞ ፏፏቴ የሌለበት የጓሮው ግድግዳ ነው። ነጩ ዱቄት ጨው ነው፣ ከመሬትና ከግንቡ ውስጥ በውሃ ተሟሙቶ የወጣ። ጓሮሽን አላየሁትም ግን ልገምት፣ ጓሮው እስከ ግድግዳው ስር ድረስ በሊሾ ተደፍኗል፣ አሸንዳ የለም ወይ ተበሳስቷል፣ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሊሾው ላይ እየወደቀ ግድግዳው ላይ ይረጫል፣ መሬቱም በየጊዜው አፈርና ሲሚንቶ ሲደረብበት ኖሮ ከክፍልሽ ወለል ከፍ ብሏል። ከነዚህ ሁለቱ እንኳን እውነት ከሆኑ ነገሩ አለቀ።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ቀለሙ ተላጦ ያለቀበት ቦታ ላይ ክንድ በክንድ የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊና ሁለት ቀን ተዪው። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መሀል ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። በክፍሉ በኩል ላስቲኩ ላይ ከያዘ ግን የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት ትከፍቻለሽ፣ ወጪም የለብሽ።

አሁን አንድ ነገር ላብራራ፣ ረዘም ይላል ግን ይሄን ያልያዘ ሰው የጎንደርን የድሮ ቤት ባይነካ ይሻላል። የድንጋይና ጭቃ ግንብ ከመሬት ውሃ ይጠጣል፣ ዱሮም ይጠጣ ነበር። የዱሮ ግንበኞች ውሃውን እንዳይገባ ከማድረግ ይልቅ እንዲወጣ ነው ያደረጉት። ጭቃና ኖራ በዐይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቷቸዋል፣ ውሃው በዚያ በኩል ፊት ላይ ይወጣል፣ አየር ይወስደዋል፣ ግድግዳው ክረምት የጠጣውን በጋ ላይ ይተፋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይጠባል፣ ፕላስቲክ ቀለም ሲጨመርበት ጭራሽ ይዘጋል። ውሃው ታዲያ የት ይሂድ? መውጫ እስኪያገኝ ሽቅብ ይወጣል፣ ለዚህ ነው ሁለተኛው ሲሚንቶ ከጉልበት ወደ ወገብ የሰደደልሽ። ጨውስ? ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው አይተንም፣ እዚያው ከቀለሙ ስር ይደርቅና ድንጋይ መሳይ ፍሬ ይሆናል፣ ፍሬው ሲያድግ ቀለሙንም ልስኑንም ገፍቶ ይጥለዋል። ላብ ላጠመቀው ሰው ጋቢ ነው የሚደረብለት፣ ላስቲክ አይጠቀለልበትም። ማስረጃ ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ፣ ፋሲል ግቢን ገብተሽ እዪ። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 በፈረንጅ አቆጣጠር ከቆረቆሩ ወዲህ የተነሡት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። ጣልያን በገባ ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠጋግኗቸው ነበር፣ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እድሳት ሲደረግ ደግሞ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ ወደ ኖራ ተመልሷል። ቤተ መንግሥቱ ያልቻለውን ሲሚንቶ የአንቺ ጓዳ እንዴት ይቻለው። ኖራ እኮ ልዩ ነገር ነው፣ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ጋዝ ይወጣዋል፣ በውሃ ሲበርድ ለጥ ያለ ሊጥ ይሆናል፣ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ እየሳበ ድንጋይ ይሆናል። ቀስ እያለ ያልኩት ይሰመርበት፣ የዛሬ ባለሙያ ኖራ የማይወደው ሰኞ ለስኖ ማክሰኞ ሂሳቡን መቀበል ስለሚፈልግ ነው።

ሥራው ከደጅ ነው የሚጀምረው። ግድግዳው ስር ያለውን ሊሾ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገሽ አስነሺ፣ መሬቱ ከክፍሉ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቆፈር፣ ጠጠር ይሞላ፣ ውሃው ወደ ውጭ እንዲሄድ ተዳፋት ይኑረው። ከመሠረቱ በታች ግን እንዳይቆፈር፣ ቤቱ ይሰምጣል። አሸንዳ ይሰቀል፣ ስስ ቆርቆሮ ገዝተሽ ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንዳይበሳ ወፈር ያለውን ጠይቂ።

ውስጡን ሲሚንቶውን በሙሉ፣ እርጥበቱ ከደረሰበት ግማሽ ሜትር አልፎ፣ በትንሽ መዶሻና በመሮ አስነሺ። ትልቅ ማሽን ይዞ የመጣውን መልሺው፣ ጭቃው ይለቅና ድንጋዩ ይነቃነቃል። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊና ከቤት አውጪ፣ በውሃ እንዳታጥቢው፣ ተሟሙቶ መልሶ ይገባል። ከዚያ መታገስ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ለመድረቅ ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል ተብሎ ነው የሚሰላው፣ የአንቺ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በሁለቱም ፊት ቢደርቅ ዓመት መሆኑ ነው። ደግነቱ ኖራ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ሲሚንቶው ከመስቀል በኋላ ከተነሳ፣ ጥርና የካቲት ላይ መለሰን ይቻላል። አንድ እጅ የበረደ ኖራ ከሦስት እጅ ከታጠበ የወንዝ አሸዋ ጋር፣ በየንብርብሩ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ለጥቂት ቀን ውሃ እየተረጨ። ጥሬ፣ ገና ያልበረደ ኖራ ከገዛሽ የሚያበርደው ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ኖራው ውሃው ላይ ይጨመር እንጂ ውሃው ኖራው ላይ አይደፋ፣ ይፈላል፣ ዐይን ያጠፋል።

ያ ማራኬሽ ያየሽው የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ታደላክት ይባላል፣ እሱም ኖራ ነው፣ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ በወይራ ዘይት ሳሙና የሚጠናቀቅ፣ ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋህዶ ውሃ የማያስገባ ይሆናል። ቆንጆ ነው፣ ሐማም ውስጥ ይሠሩታል፣ ግን ከጀርባው ውሃ የሚገፋው ግድግዳ ላይ አይሆንም። በጣም ከፈለግሽ የፏፏቴው ገንዳ ላይ ሞክሪው፣ ያውም መጀመሪያ ቁራጭ ድንጋይ ላይ፣ የየአገሩ ኖራ ጠባዩ ይለያያልና። ለቀረው ግድግዳ በቀጭኑ የኖራ ውሃ ቀለም አራት አምስት ጊዜ ቀቢ፣ ቀይ የአፈር ቀለም ጣል አድርገሽበት ሮዝሽን ታገኛለሽ።

ፓምፑ። እነዚህ ርካሾቹ ሁለት ጥርስ ስፒና ያላቸው፣ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የሌላቸው፣ ሞተሩን የሚሸፍነው ሙጫ በወራት ውስጥ የሚሰነጠቅ ናቸው፣ ውሃ ሲገባው መንዘር ይጀምራል። ወይም ገመዱ አጥሮ ማን ያውቃል የትኛው ጎበዝ ውሃው አጠገብ በፕላስተር ቀጥሎታል። የነዘረ ፓምፕ አይጠገንም፣ ይጣላል። ስፒናው ተነቅሎ ነው የሚወጣውም፣ ደገምኩት አይደል፣ ገና እደግመዋለሁ። አዲሱን 12 ቮልት ግዢ፣ አዳፕተሩ ከገንዳው ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ የክፍሉ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የፍሳሽ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን ራሱ የሚያጠፋ፣ ይግባ፣ ሶኬቱም ከእርጥቡ ግድግዳ ይነሳ። ኤሌክትሪሺያኑ ግራውንዱን ሳይለካ "አለው" ካለሽ ሌላ ጥሪ።

ጩኸቱ ቀላል ነው። ፓምፑ ሸክላው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ንዝረቱ ወደ ገንዳው ያልፋል፣ ከስሩ የጎማ ቁራጭ አድርጊ። ውሃው ጎድሎ አየር ከሳበም ይንጫጫል፣ ሙሉ ይሁን። ሲቆይ ደግሞ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይይዛል፣ ስፒናውን ንቀዪና የፊት ክዳኑን ከፍተሽ የሚሽከረከረውን ማግኔት ስበሽ አውጪ፣ አቼቶ ውስጥ አሳድሪውና በጥርስ ብሩሽ ጥረጊው።

መደቡ ላይ ያለው ፍራሽ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፣ ምንጣፍም የጓሮው ግድግዳ ላይ እስከሚመጣው በጋ አትስቀዪ።