ፀጉር ሲነካ የሚያመው ራስ ምታት፦ ከማይግሬን ጋር ለምትኖሪው እህቴ

ሰላም እህቴ። ማይግሬን ከጀመረሽ ዓመታት እንደሆነው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ነገር እንደተጨመረብሽ ጽፈሻል። ፀጉርሽን ማበጠር አቅቶሻል። በቀኝ ጎንሽ ትራስ ላይ መተኛት አልቻልሽም። ኤምአርአይ ተነሥተሽ ምንም የለም ተብለሻል። ቤተሰብሽ ደግሞ «ፀጉር ያማል እንዴ?» እያለ ይጠይቅሻል። ዕጢ ይሆን ወይ ብለሽ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሽም ነግረሽናል።

አዎ፣ ያማል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ ከማይግሬን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የምትዪውንም ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። እኔን የሚጀምረኝ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ነው። መጀመሪያ ይወቅረኛል፣ ብርሃን ያስጠላኛል። ቶሎ ካልያዝኩት የአናቴ ቆዳ ሁሉ ይለወጣል። የፀጉር ላስቲክ አልችልም። ጉትቻዬን አወልቃለሁ። ሻወር ውስጥ ውሃው አናቴ ላይ ሲያርፍ ያስጮኸኛል። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ «እማዬ አመመሽ?» ብላ ልትዳብሰኝ እጇን ስትዘረጋ ጭንቅላቴን ሸሸሁባት። ፊቷ ቅይር ሲል አሁንም ይታየኛል። ሕመሙን ለሰው ማስረዳት ከሕመሙ የባሰ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

የዚህ ነገር የሕክምና ስሙ አሎዲኒያ ነው። ማመም የሌለበት ነገር ሲያም ማለት ነው፤ ማበጠሪያ፣ ትራስ፣ ነጠላ፣ መነጽር። በማይግሬን ሰዎች ላይ የተለመደ ነው። ቦስተን ውስጥ ራሚ በርስታይን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት 42 የማይግሬን ሕሙማንን ራስ ምታቱ ባለበትና በሌለበት ሰዓት ቆዳቸውን በሙቀት፣ በቅዝቃዜና በጫና ፈትኖ ነበር፤ 33ቱ ሕመሙ ሲነሣ ቆዳቸው እንደዚህ ይቆጣ ነበር። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም፣ አእምሮሽም የፈጠረው ነገር አይደለም።

ለምን እንደሚመጣ ሐኪሜ በቀላሉ አስረድቶኛል። ከአንጎል ሽፋን የሚመጣው የሕመም መልእክትና ከግንባርና ከአናት ቆዳ የሚመጣው ስሜት አንጎል ግንድ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የማጅራት ነርቮችም እዚያው ይደርሳሉ፤ አንገትሽ አብሮ የሚያምሽ ለዚህ ነው። ማይግሬኑ ሲቆይ እዚያ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ተራ ንክኪን ሁሉ እንደ ሕመም ይቆጥሩታል። ቆዳሽ ደህና ነው፣ የተቆጣው ውስጥ ያለው ነው። ኤምአርአይ ደግሞ ቅርጽ ነው የሚያሳየው፣ የነርቭ ቁጣ አያሳይም። ንጹሕ ነው መባሉ ሕመም የለሽም ማለት እንዳልሆነ ለቤተሰብሽም ንገሪልኝ።

አሁን ዋናው ነገር። የፀጉር ሕመሙ ሰዓት ይነግርሻል። አንዴ ቆዳሽ መቆጣት ከጀመረ ማይግሬኑ ሥር ሰዷል፣ መድኃኒትም እንደ መጀመሪያው አይሠራለትም። እነ በርስታይን ቆይተው ትሪፕታን በሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ቆዳው ሳይቆጣ የወሰዱት ሰዎች ሕመማቸው ሲለቃቸው፣ ከተቆጣ በኋላ የወሰዱት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተሻላቸውም። «እስኪ ልቻለው፣ ሲብስ እውጣለሁ» የሚለው ጥንካሬያችን ማይግሬን ላይ አይሠራም። ሐኪም ያዘዘልሽን በጊዜ፣ በሙሉ መጠኑ ውሰጂ።

ግን እህቴ፣ እዚህ ላይ ትልቅ ወጥመድ አለ። ቶሎ መዋጥና ቶሎ ቶሎ መዋጥ ይለያያሉ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ፣ ኤርጎታሚንና ትሪፕታን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። አናትሽ ሁልጊዜ የሚያምሽ፣ ጠዋት ስትነሺም የማይለቅሽ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው። እኛ ጋ ማስታገሻ በየሱቁ በፍሬ ስለሚሸጥ ማንም አይቆጥረውም። ግድግዳ ላይ ያለውን ካሌንደር ተጠቀሚ፤ ያመመሽን ቀን ክበቢ፣ መድኃኒት የወሰድሽበትን ቀን ደግሞ ኤክስ አድርጊበት። ወሩ ሲያልቅ ካሌንደሩን ገንጥለሽ ለሐኪም አሳዪ። ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያ ወረቀት ብዙ ይናገራል። ካበዛሽ ግን በራስሽ በአንድ ቀን አታቁሚ፤ መጀመሪያ ሕመሙ ይብሳል፣ ከሐኪም ጋር ይሁን።

እና በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚያመው ሰው ምን ይሁን? ለዚህ ነው መከላከያ መድኃኒት ያለው። እንዲያውም በጥያቄሽ ውስጥ ስለ መከላከያ አንድም ቃል አለማንሣትሽ ነው ያሳሰበኝ። አሚትሪፕቲሊንና ፕሮፕራኖሎል አገር ውስጥ የሚገኙ፣ ዋጋቸውም የሚቀመስ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝልሽ ሰው «ይሄማ የድባቴ መድኃኒት ነው» ብሎ ያስፈራሽ ይሆናል። ለማይግሬን ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በትንሹ ነው፣ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ላይ ያፈዛል፣ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሆንም፣ ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሁለቱም በሳምንት ተአምር አይሠሩም። ሁለት ወር ያህል ታገሻቸው። እኔ ወደ ሥራዬ የተመለስኩት በመከላከያ መድኃኒት ነው፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ስለ ፀጉር ደግሞ እንነጋገር። ጥብቅ ሹሩባ ጤነኛውንም ሰው ያሳምማል፣ የተቆጣ አናት ላይ ሲሆንማ አስቢው። ለሠርግም ይሁን ለበዓል ከግንባር ጀምሮ ስብ ተደርጎ የሚሠራውን ተዪው። ስትሠሪ ደህና በሆንሽበት ቀን ሥሪ፣ ለሠሪዋም «ላላ አድርጊልኝ፣ ያመኛል» በያት። የሚሰፋ ዊግም ክብደቱ ይጎትታል። ሲያምሽ ፀጉርሽን ፍቺው፣ በቃ።

ቡናን አቁሚ አልልሽም። አንድ ቀን ሦስት ስኒ፣ በማግስቱ ምንም የሚለው ግን ይጎዳሻል፤ ቡና የለመደ ሰው ካጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምረዋል። የምትጾሚ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃና ያለ ቡና መቆየት ለብዙዎቻችን ቀስቃሽ ነው። ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን በግልጽ ንገሪያቸው። በረመዳን የምትጾሚም ከሆንሽ ከጾሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ቡናውን ቀስ እያልሽ ቀንሺው፣ የመድኃኒት ሰዓትሽንም ከሐኪምሽ ጋር አስተካክዪ።

«ሳይነስ ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ደጋግመው ሰጥተውሽ ከሆነም አይገርመኝም፤ ብዙ የማይግሬን ሰው በዚያ መንገድ አልፏል።

ይሁንና የአናት ሕመም ሁሉ ማይግሬን አይደለም። ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ውልብ እያለ የሚወጋ ከሆነ የማጅራት ነርቭ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም የተለየ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሆኖ ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው። እሱ ግንባርና ዓይን አካባቢ ሲወጣ ለዓይን አደገኛ ስለሆነ፣ ቅጠል ከመቀባት በፊት በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ አለብሽ። ዕድሜሽን አልጻፍሽም። ከ50 በላይ የሆነ ሰው አዲስ የአናት ሕመም ከጀመረው፣ በተለይ እንጀራ ሲያላምጥ መንጋጋው የሚደክመው፣ በዓይኑና በጆሮው መካከል፣ በግንባሩ ጎን ያለው ደም ሥር የሚያመው ወይም እይታው ብዥ ያለበት ከሆነ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። ይሄ ነገ የሚባል አይደለም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ካልታከመ ያሳውራል። ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይጠቁሙታል። እናትሽ ወይም አክስትሽ እንደዚህ ካሉሽም አስታውሺው። በድንገት በሰከንዶች ውስጥ የፈነዳ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛልም በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሁን የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙን ከነመጠኑ ጻፊልኝ። ቫልፕሮኤት ወይም ቶፒራሜት የሚል ከሆነና ወደፊት መውለድ የምታስቢ ከሆነ፣ ሁለቱም በማኅፀን ያለ ልጅ ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ፣ በተለይ ቫልፕሮኤት፣ ሳታረግዢ በፊት ሐኪምሽን እንዲቀይርልሽ ጠይቂ። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ።