ፋን ከመግዛትህ በፊት የቆጣሪውን ብልጭታ ቁጠር

ፍኖተ ሰላም ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነበው የራሴ ቤት መሰለኝ። በትንሽዬ ኬዝ የገጣጠምካት ሰርቨር (ለቤቱ ሁሉ ፋይል የምታቀርብ ኮምፒውተር) ሌት ተቀን በርታ ትውላለች። ፕሮሰሰሩ 78 ዲግሪ ያሳያል። የፋኑ ጩኸት ሌሊት አያስተኛም። መብራት ሲሄድ ደግሞ በባትሪ የሚያቆያት ዩፒኤስ ብዙም አይቆይም። ተጨማሪ ፋን ልግዛ ወይ ነው ያልከው። ለጊዜው አትግዛ።

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ሰርቨሬ ኮር አይ3 8100ቲ ፕሮሰሰር ያላት ሚኒ አይቲኤክስ (በትንሽ ማዘርቦርድ የተሠራች) ናት፣ ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ተሸክማለች። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልጆቹ ዊኪፒዲያ የሚያነቡት በኪዊክስ መተግበሪያ ከእሷ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አጥፋት የሚለው ምክር ለኔ አልሆነኝም፤ ላንተም የሚሆንህ አይመስለኝም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል። ሰርቨሯ ከሶኬት የምትስበው ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 36 ዋት ከሳበች 36 ዋት ሙቀት ቤት ውስጥ ትለቃለች። ፋኑ ሙቀቱን ከኬዙ ያወጣዋል፣ አይቀንሰውም። ሙቀቱ፣ የካርድ ቆጣሪው ቶሎ ማለቅና የዩፒኤሱ አለመቆየት ሦስት ችግር መስለው ይታያሉ። ምንጫቸው ግን አንድ ነው።

በዚያ ላይ የኛ ከፍታ አለ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2400 ገደማ። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ አየሩ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የተጻፈ የፋን ምክር እኛ ዘንድ ያንኑ ውጤት አይሰጥም።

አሁን መለካት። የዋት መለኪያ መሣሪያ ካለህ ጥሩ። እኔ አልነበረኝም፣ የለካሁት በቤቱ ቆጣሪ ነው። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። የኔ ላይ 1600 ይላል። ፍሪጁን፣ አምፖሉን፣ ቻርጀሩን ሁሉ ነቅለህ ሰርቨሯን ብቻ ተው። በስልክህ ሰዓት ያዝና 10 ብልጭታ ቁጠር። በ1600 ቆጣሪ 22,500ን ለሰከንዱ ስታካፍል ዋቱ ይመጣልሃል። የቆጣሪህ ቁጥር ሌላ ከሆነ 36 ሚሊዮንን መጀመሪያ ለዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ለሰከንዱ አካፍል። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ግን ተነጋግራችሁ አድርጉት፤ አለዚያ የምትቆጥረው የእነሱን ምጣድ ነው።

የኔ 10 ብልጭታ 625 ሰከንድ ፈጀ። 36 ዋት ማለት ነው። ማንም ፊልም ሳያይ፣ ማንም ፎቶ ሳይጭን! በወር ወደ 26 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ስራ ሳይኖራት ምን እያደረገች ነው ብዬ የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ኤችቶፕን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የፎቶ መተግበሪያው ነበር። ፊት ለመለየት ያንኑ የፎቶ ክምር ይዞ ቀን ከሌሊት ይፈጫል። አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ ሲደርስ ይወድቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ፋይሉን አወጣሁ። የፊት መለየቱንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረግኩ፣ ቤቱ በሚበርድበት ሰዓት። በዚህ ብቻ 9 ዋት ያህል ቀነሰ። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ቀጥሎ ዲስኮቹ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲዞር ብቻውን 5 ዋት ገደማ ይበላል፣ ሲተኛ ከ1 ዋት በታች ይወርዳል። የኔዎቹ ግን አይተኙም ነበር። ሎጉ (ሰርቨሯ የሥራዋን መዝገብ የምትጽፍበት) እና ዳታቤዙ እነሱ ላይ ስለነበር በየደቂቃው ይቀሰቀሳሉ። ሎጉንና ዳታቤዙን የሚዞር ነገር ወደሌለው ዲስክ፣ ወደ ኤስኤስዲው አዛወርኩ። ከዚያ ዲስኮቹን በሚቆጣጠረው የኤችዲፓርም ትእዛዝ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲቆሙ አዘዝኩ። ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ አታውርደው፣ አደራ። ዲስክን ቶሎ ቶሎ ማስነሳትና ማቆም ዕድሜውን ይበላዋል። ዲስኬ በቀን ከጥቂት ጊዜ በላይ ከተነሳ የቀሰቀሰውን ፈልጌ አገኘዋለሁ።

የማዘርቦርዱ ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሲ ስቴት የሚባለው ተዘግቶ አገኘሁት። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ በጥልቀት እንዲተኛ የሚፈቅድለት እሱ ነው። ከፈትኩት፤ ግን የኃይል አጠቃቀሙን በሚያሳየው ፓወርቶፕ ላይ ሳየው ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ አሁንም አይገባም። ጥፋተኛው ለተጨማሪ ዲስክ የሰካኋት ርካሽ የሳታ ካርድ ሆና ተገኘች። አንድ እንዲህ ያለ ካርድ መላውን ሲስተም ነቅቶ እንዲያድር ያደርገዋል። ነቀልኳት፣ ዲስኮቹን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ፣ የቀረውም ወረደ። ፓወርቶፕ ራሱ የሚያስተካክልበት አማራጭ አለው፣ ሞክረው። ከዚያ በኋላ ኪቦርድ ወይም የዩኤስቢ ዲስክ መቆራረጥ ከጀመረ ለዚያ ዕቃ ብቻ መልሰህ አጥፋው።

ፊልም የምታሳይበት ከሆነ ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ፋይሉን እንዳለ የሚቀበል መሆኑን እይ። ካልተቀበለ ሰርቨሯ እያሳየች ትቀይረዋለች፣ ያን ጊዜ ነው ፋኑ የሚጮኸው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ቪዲዮውን በራሱ ግራፊክስ የሚቀይረውን ኩዊክ ሲንክን ክፈት። ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ባለ 10 ቢቱን ኤችኢቪሲ የተባለ የቪዲዮ ዓይነት ጭምር ይሠራዋል።

ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን ቱርቦን ማጥፋትም ትችላለህ። የኔ አይ3 ቱርቦ የለውም፣ የወንድሜ አይ5 ላይ ግን አጥፍተነው የጭነት ሰዓቱ ሙቀት ከ84 ወደ 66 ወርዷል። ሥራ ፈት ስትሆን የምትበላውን ግን አይቀንስም።

ስለ 78 ዲግሪው ብዙ አትጨነቅ። ለፕሮሰሰሩ ከፍ ያለ ነው እንጂ የሚያቃጥለው አይደለም። የኔ ጭንቀት ዲስኮችህ ናቸው። እነሱ ከ45 ዲግሪ ባያልፉ ደስ ይለኛል፤ ፎቶው ያለው እነሱ ላይ ነው።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ቡፌ ውስጥ ከሆነች አውጣት። እናቴ ከአቧራ ልታድናት ብላ ዳንቴል አልብሳት ነበር፣ የአየር መውጫው ተደፍኖ ዲስኩ 52 ደርሶ አገኘሁት። ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ በላይ አደረግንላት፣ ደስ አላት። ቡና ከሚፈላበት ጥግም አርቃት፤ የዕጣኑ ጭስና የበጋው አቧራ ፋኑ ላይ አንድ ላይ ሲጋገሩ ቶሎ አይለቁም። እኔ ከመጋቢት በፊት አንድ ጊዜ በደንብ እጠርጋለሁ፣ ሙቀቱ የሚብሰው ከዚያ ጀምሮ ስለሆነ።

ዩፒኤሱን ከሰርቨሯ አጠገብ አታስቀምጠው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በትንንሾቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ በብዙ ያነሰ። በ36 ዋት አንድ ሰዓት አይሞላልኝም ነበር። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬደኛል።

በመጨረሻ 10ሩን ብልጭታ ስቆጥር 28 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ። 13 ዋት። ፋኑ መዞሩን ለማወቅ ጆሮዬን ማስጠጋት አለብኝ።

ዛሬ ማታ ቁጠርና ሰከንዱን፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርና የኤችቶፑን ፎቶ ላክልኝ። የቱ እንደሚቀሰቅሳት አብረን እናያለን።