የሰፈራችን ቡድን መቼ ተመሠረተ?

ጥያቄ፦ ሰበታ ዳር ያለው የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ስለተመሠረተበት ዘመን አባቶች አይስማሙም። አንዱ 1952 ይላሉ፣ ሌላው 1960። በእጃችን ያሉት ጥቂት የቆዩ ፎቶዎች ናቸው። ታሪኩን ለመጻፍ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ዓመት ይረሳል፣ ትልቅ ጨዋታ ግን አይረሳም። «ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላ ቡድኑ ነበረ ወይ?» በሏቸው። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተናል። አባቶችን ለየብቻ አነጋግሩ፤ አብረው ከተቀመጡ ታላቅየው ያሉትን ሌላው አክብረው ይደግማሉ።

ፎቶው ጀርባ ላይ የፈረንጅ ዓመት ካለ ወሩን እዩ። ፌብሩዋሪ 1968 የእኛ 1960 ነው፤ ኖቬምበር 1968 ግን 1961። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 8፣ ከዚያ ወዲህ 7 ነው የሚቀነሰው።

አልበም ላይ የተጣበቀውን አትንቀሉ፣ ሥዕሉ ይላጣል። ከነአልበሙ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱት። ላላ ባለው ፎቶ ጀርባ የተጫዋቾቹን ስም በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ይሰርጋል። የቆሙትንና የተንበረከኩትን ለይታችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የበረኛውን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ይህን በዚህ ሳምንት ጨርሱት።