ሳይነኩት የሚጮህ ኮንሰርቲና

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ያገለገለ ባለ 20 ቁልፍ የጀማሪ ኮንሰርቲና፣ ማለትም በሁለት እጅ እየገፉና እየሳቡ የሚጫወቱት ወናፍ ያለው ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ አለሽ፣ ልትሸጪው ፈልገሻል። ሊያየው የመጣው ልጅ ግን "ይሄማ አልቆለታል" ብሎ ሄደ። በግራ በኩል አንድ ድምፅ ሳይነኩት ይጮሃል፣ ወናፉ አየር አይዝም፣ ቁልፎቹም ሲገፉና ሲሳቡ ሌላ ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ።

የመጨረሻው ብልሽት አይደለም። አርሞኒካ ነፍተሽ ታውቂ የለ? ስትነፊው አንድ ድምፅ፣ ስትስቢው ሌላ። ይሄም እንደዛው ነው። በየቁልፉ ስር ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ምላስ የሚዘምረው አየሩ ምላሱ በተገጠመበት ፊት በኩል ሲመጣበት ብቻ ነው፤ በጀርባው ከመጣበት ዝም ይላል። ስለዚህ አንዱን ለመግፋት፣ ሌላውን ለመሳብ አዙረው ይገጥሟቸዋል። ዝም ባለው ምላስ በኩል አየር እንዳይባክን ደግሞ ስስ ልጥፍ ይዘጋዋል። ሁለቱ ምላሶች የተለያየ ድምፅ ከተሰጣቸው አንግሎ ይባላል፣ ያንቺው እሱ ነው። ኢንግሊሽ የሚባለው ግን ብትገፊውም ብትስቢውም ያው ነው። ልጁ የለመደው ባለ ፒያኖ ቁልፍ አኮርዲዮን ይመስለኛል፣ እሱም እንዲሁ ስለሆነ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ጩኸቱና የአየሩ ማምለጥ ግን አንድ በሽታ ነው ባይ ነኝ። ቁልፉ ሲለቀቅ ቀዳዳውን መልሶ የሚደፍነው ክዳን አልተቀመጠም። ወናፉን እንዳትነኪው! "አንድ ሰው በማስቲሽ ጠግኖት ነበር" ብለሻል፤ እኔ የምጠረጥረው ያንን ማስቲሽ ነው። ስንቱን ዕቃ በማስቲሽ ገድለው አምጥተውልኛል መሰለሽ።

የግራውን ጎን በትንሽ ካቻቢቴ ፍቺው። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በየቦታቸው አስቀምጪ፣ ሁሉም ወደ ነበረበት ቀዳዳ ይመለስ። የደረቀውን ማስቲሽ በምላጭ ቀስ ብለሽ ፋቂው። ቤንዚን አትጠቀሚ። ቡና እያፈላሽ፣ ከሰል እየነደደ፣ ቤንዚን የነካው ጨርቅ በእጅሽ ይዘሽ ማለት እኮ ራስሽን ማቃጠል ነው። ከዚያ ክዳኑን የሚመልሰውን ሞላ እዪ። የርካሽ ኮንሰርቲና ሞላ ከሽቦ አይሻልም፣ ቶሎ ይደክማል ወይም ከቦታው ይወጣል። በወረንጦ መልሺው፣ ከደከመ ትንሽ እጠፊው። ፊትሽን ራቅ አድርጊ፣ ዓይን ላይ ይፈናጠራል። ክዳኑ ራሱ ከተበላ ቅዳሜ ገበያ ከጫማ ሰሪ ለስላሳ የቆዳ ቁራጭ ለምኚና በኮላ ለጥፊው። ማስቲሽ አይደለም፣ ኮላ። ሲደርቅ ግጠሚው፣ ብሎኑን ግን ከመጠን በላይ አታጥብቂ፣ ጥርሱ ይበላል።

አሁን ምንም ቁልፍ ሳትነኪ አንዱን እጀታ ይዘሽ አንጠልጥይው። ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ድኗል። ዱብ ካለ ሌላ የሚያፈስ ክዳን አለ ማለት ነው፣ የቀኙንም ክፈቺ። እንደገና ልንገርሽ፣ ቤንዚን ቤት ውስጥ አታስገቢ።

ለገዢው እውነቱን ንገሪው። ባለ 20 ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ በሲ (C) እና በጂ (G) የተቃኘ ነው፣ በድምፆች መካከል ያሉት ግማሽ ድምፆች (ሰሚቶን) አልተሟሉም። ትዝታ ይወጣበታል። አንቺሆዬ እጫወታለሁ ካለሽ ግን አትሽጪለት፣ ተመልሶ አንቺው ላይ ነው የሚጮኸው።