ማንም ያላዘዛችሁ ፕሮግራም ይኑራችሁ

ውድ ልጆቼ፣

የታክሲ ሰልፉን ችላችሁ፣ ላፕቶፓችሁን አንግታችሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ብንማር ይሻላል?» ገበያ ያለውን ተማሩ። ፓይተንም ሆነ ጃቫስክሪፕት ዛሬ እንጀራ ያበላል። በወጣትነቴ እኔን ያበላኝ ፎክስፕሮ የሚባል የዳታቤዝ ቋንቋ ነበር፤ አሁን ስሙን ስጠራ ትስቃላችሁ፣ ማይክሮሶፍትም ድጋፉን ካቋረጠ ቆይቷል። የእናንተዎቹም ተራ ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ በምርጫው ብዙ አትጨነቁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፦ አለቃ ያላዘዘው፣ ደንበኛ የማይከፍልበት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይኑራችሁ።

የኔ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት፣ ማስያ ነው። በዶስ ዘመን በቱርቦ ፓስካል ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ቋንቋ በተማርኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። ትንሽ ነው፤ መልሱ ትክክል መሆኑን ደግሞ ማንም ሰው ግድግዳው ላይ ከሰቀለው ካላንደር ማመሳከር ይችላል።

ስሌቱን ለማታውቁት በ2016 ዓ.ም. ላሳያችሁ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 10 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው 20 አበቅቴ ይባላል፤ በ19 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው 10 ደግሞ መጥቅዕ። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ የሚባለው ቀን ጥቅምት ላይ ይውላል። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፣ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 8 ነው፣ ድምሩ 18፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 27 ፋሲካ ላይ ትደርሳላችሁ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እንግዲህ 2005ን ሞክሩ። ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 እኩል ይካፈላል፣ ምንም አይተርፍም። ሊቃውንቱ እንዲህ ሲሆን ወንበሩን 18 ይላሉ። ደንቡን እንደ ወረደ ኮድ ያደረገ ልጅ ግን ከዜሮ አንድ ቀንሶ ወንበሩን ኔጌቲቭ አንድ ያደርገዋል። በጃቫስክሪፕት ከሆነ አበቅቴው ኔጌቲቭ 11 ሆኖ ይወጣል፤ ሕፃን እንኳ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያያል። ፓይተን ግን ቀሪን የሚያወጣበት ደንብ የተለየ ስለሆነ 19 ብሎ ዝም ይላል። ትክክለኛው 18 ነው። አሁን ጉዱን ተመልከቱ፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው ብላችሁ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) ብትጽፉ፣ የፓይተኑ ስሕተት 19 እና 11 ስለሆነ ቴስቱን ያልፋል። ይባስ ብሎ መጥቅዑ በአንድ ሲያንስ የዕለቱ ተውሳክ በአንድ ስለሚበልጥ የዚያ ዓመት ፋሲካም በትክክለኛው ቀን ይወጣል! ቴስቱ አልፏል፣ በዓሉ ትክክል ነው፣ ኮዱ ግን የተበላሸ ነው። እኔ ከእንዲህ ያለው ጨዋ ቋንቋ የሚጮኸውን እመርጣለሁ። ይህን የሚያስተምር ቢሮ አላየሁም፤ ቢሮ ውስጥ ቴስቱ ካለፈ ሥራው አለቀ፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። በራሳችሁ ፕሮግራም ላይ ግን ማንም ስለማያጣድፋችሁ «ለምን አለፈ?» ብላችሁ ታመሻላችሁ።

ፊደላችንንም በዚሁ ፕሮግራም ነው ያወቅኩት። መጀመሪያ ላይ የወራቱን ስም የማሳየው በላቲን ፊደል ነበር። ቀጥሎ የመጡት የአማርኛ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደላት ኮድ ላይ የተሳፈሩ ስለነበሩ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ «መስከረም» ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን የራሱን ቦታ አገኘ፤ ከሀ ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። የዛሬ ልጆች ይህን እንደ አየር ትተነፍሱታላችሁ። አንድ ቀን ግን በዚያ ዘመን የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ፋይል ወደ ዳታቤዝ አስገቡ ትባላላችሁ፤ ያኔ ታስታውሱኛላችሁ።

በትርፍ ጊዜ ስለሚጻፍ ፕሮግራም ሲወራ ሁሉም ሊነስ ቶርቫልድስን ይጠራል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ሲያስተዋውቅ ለራሱ የሚሠራው ነገር እንጂ ትልቅ እንደማይሆን ተናግሮ ነበር። እኔ ግን ይህ ምሳሌ ወጣቶችን ይጎዳል ባይ ነኝ። የእናንተው ዓለምን ካልቀየረ የከሰራችሁ ይመስላችኋል፣ በሁለተኛው ወር ትተዉታላችሁ። የኔን ማስያ ከቤተሰቤ በቀር የሚጠቀምበት የለም። ባለቤቴ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ትጠይቀዋለች፤ ይበቃዋል።

ባሕረ ሐሳብ የማይመለከታችሁ ሌላ ያዙ። የሶላት ሰዓትን ከፀሐይ ማዕዘን ማስላት ከዚህም የከበደና የጣፈጠ ሒሳብ አለው። የእኛን ከጠዋት የሚጀምር ሰዓት ከዓለሙ ሰዓት የሚያስታርቅ፣ ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የሚያውቅ ቅጽ መሥራትም ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ። የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕና የሥራ ሰዓት አትንኩ፣ የቅጥር ውላችሁንም ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ የጻፋችሁት ኮድ የማን እንደሆነ የሚወስን አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል። ሌላው፣ ማታ ማታ ዐይናችሁን አትጨርሱ።

ኤ.አይ. ይጽፍልናል እንደምትሉ አውቃለሁ። ይጻፍላችሁ፣ አልከለክልም። ከዚያ ግን ስክሪኑን ዝጉና 2024ን በእጃችሁ ሥሩ፤ 7524 ለ19 እኩል ይካፈላል። የወጣላችሁን ለእኔ ከማምጣታችሁ በፊት በሰፈራችሁ ደብር ላሉ መሪጌታ አሳዩ። ልዩነት ከተገኘ ስሕተቱን መጀመሪያ ከኮዳችሁ ፈልጉ።