ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ የያዘኝ ትኩሳት አልለቅ አለኝ

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምማረው ደብረ ብርሃን ነው። ለእንቁጣጣሽ ሸዋ ሮቢት ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ እስከ መስቀል ቆየሁ። ከተመለስኩ ከሳምንት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ በላብ ተጠመቅሁ። አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ብሎኝ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ወሰድኩ። ትንሽ ተሻለኝና እንደገና አገረሸ። የዶርም ጓደኛዬ ከእሷ የተረፈ ኮአርተም የሚባል የወባ መድኃኒት ሰጥታኝ አራት ፍሬ ዋጥኩ፤ አሁንም ያመላልሰኛል። ሰው ሁሉ «የቤትሽ ውሃ አልተስማማሽም» ይለኛል። እናቴ «ምን አብልቼሽ ይሆን?» እያለች ታለቅሳለች። ለገና መሄዴን ልተወው?

መልስ፦ ለገና ይሂዱ። እናትዎም እንባቸውን ይጥረጉ፤ እኔ የምጠረጥረው ወባን ነው። ወባ ደግሞ በወጥም በውሃም አይመጣም፤ የምታመጣው ማታና ሌሊት የምትናከስ ትንኝ ናት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንኟን ብርዱ አያኖራትም። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት፤ ቆላ ነው። የሄዱትም ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየቦታው ሲያቁር፣ የወባው ዋና ወቅት ሲጀምር ነው። ሙቀቱ ቤት አያስገባም፤ ከአብሮ አደጎችዎ ጋር ደጅ ላይ ሲጫወቱ እንዳመሹ መገመት አያቅተኝም። ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ቢያንስ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሕመሙ ደብረ ብርሃን ከገቡ በኋላ የጀመረው ለዚህ ነው።

አሁን ስለዚያ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ሁለቱ እንደ መንታ ተጣምረው ሲጠሩ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣ ባክቴሪያ ነው፤ በአገራችን የምናውቀው ታይፈስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ መውጣታቸው ብርቅ መሆን ሲገባው፣ በየላብራቶሪው ወረቀት ላይ ግን በየቀኑ አብረው ይጻፋሉ። ምክንያቱ ምርመራው ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለካው። ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም ሊቀር ይችላል፣ ከክትባት ሊመጣ ይችላል፣ ወባ ራሱም ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። «አንድ ለሰማንያ» የሚል አንድ የዊዳል ውጤት ወረቀት ይዞ ታይፎይድ አለብኝ ማለት አይቻልም። ትክክለኛው ማረጋገጫ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ ነው። «ታይፎይዴ በየዓመቱ ይነሳብኛል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ካልቸር ተሠርቶለት አያውቅም።

«ታዲያ በመድኃኒቱ ለምን ተሻለኝ?» ይሉኝ ይሆናል። ዶክሲሳይክሊን የወባን ተሕዋስ ቀስ ብሎ ያዳክማል። ብቻውን ግን አያድንም። በሽታው ተሸፍኖ ቆየ እንጂ አልተነቀለም።

ኮአርተሙ ደግሞ ይባስ። ለአዋቂ ሰው የታዘዘው 24 ፍሬ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት፣ ለ3 ቀን። እርስዎ የወሰዱት የመጀመሪያውን ጉርሻ ብቻ ነው። እህቴ፣ ኮአርተም አይተርፍም! ከተረፈ ጓደኛዎም አልጨረሰችውም ማለት ነው፤ እሷም ትመርመር። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም። በጾም ቀንም ቢሆን ዘይት የበዛበት ሽሮ ወይም ኦቾሎኒ ይበቃል፤ በባዶ ሆድ ግን አይሆንም።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። «ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣሁት» ብለው ይጀምሩ፤ ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ካልነገሩት ወባን ላያስብ ይችላል። የወሰዱትንም ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ። ደምዎ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ አንዴ ነፃ ቢባልና ትኩሳቱ ካልተወዎት በማግስቱ ይደገም።

አልጋ የሚጋሯቸው፣ ክፍል የሚጋሯቸው ጓደኞችዎ አንድ ነገር ይወቁ። የሚያተኩሰው ሰው መቃዠት፣ ሰው መሳሳት፣ መለፍለፍ ከጀመረ ወባው አእምሮውን እየነካ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ያኔ «ቡዳ በላት» ይባልና ጭስ ይጨሳል፣ «የበላሽ ማነው? ተናገሪ» ይባላል፤ እሷም በትኩሳት ውስጥ ሆና የሆነ ስም ትጠራለች፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፣ ሌሊቱም ያልፋል። ያ ሌሊት ነው የሚገድለው። ጸበል አልከለክልም፤ ከሆስፒታል መልስ ይደርሳል። እንደ ሚጥል በሽታ መንፈራገጥ፣ የሚደጋገም ትውከት፣ ቢጫ ዓይን፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ሽንትም ያው ነው፤ ሳይነጋ ሆስፒታል።

«ወባ አንዴ ከገባ ከደም አይወጣም» የሚሉትንም አይስሙ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ለእሱ ፕሪማኩዊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት አለ፣ እስከ መጨረሻው ከተዋጠ ይነቅለዋል። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ግን ሳይጀምሩት ይናገሩ፤ ለእርጉዝ አይሰጥም።

ለገና ሲሄዱ እናትዎ ለእንግዳ ብለው መደብ ላይ ቢያነጥፉልዎትም አጎበር ያለበትን አልጋ ይጠይቁ። ከተመለሱ በኋላ ቢያተኩስዎ ደግሞ መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት።